በፍሙና በመስኮቱ መካከል

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም፤ ከግቢው የኪራይ ክፍሎች በአንዱ አራስ ተኝታለች። የመስኮቱ ስንጥቅ በጨርቅ ተወትፏል፣ የበሩ ሥር በአሮጌ ነጠላ ተደፍኗል። ንፋስ ከገባ አራሷን ምች ይመታታል፣ ሕፃኑንም ብርድ ያገኘዋል ተብሎ ነው። ሊያርሷት ከገጠር የመጡት እናቷ ከሰሉን በረንዳ ላይ ያያይዙታል። መጀመሪያ ያጨሳል፤ በካርቶን ቁራጭ ያራግቡታል። ጭሱ ቀንሶ፣ ፍሙ ቀልቶ፣ ዳር ዳሩን ነጭ አመድ ሲያለብሰው “አሁን ጭሱ ወጣለት” ብለው ምድጃውን አንስተው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ለገንፎው ውኃ ይጣዳል፤ ከፍሙ ጥግ ቆንጠር ተደርጎ እጣን ይጣልበታል። ክፍሉ ሞቅ ይላል፣ ደስ የሚል መዓዛም ይሞላዋል።

ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ጥቂት እንደተቀመጠች ግንባሯን ትይዛለች።

“እማማ፣ በሩን ገርበብ ላድርገው? ቤቱ ታፍኗል።”

“ተይው ልጄ፣ ንፋስ ይገባባታል።”

“ከሰሉስ?”

“እሱ ያውቃል። ስንቱን ወልደን ያሳደግነው በዚሁ አይደል?”

ይህ የአንድ ቤት ወሬ አይደለም። አዲስ አበባም፣ ደብረ ብርሃንም፣ ደሴም ውስጥ ክረምት በገባ ቁጥር የሚታይ ነው፤ አንባቢው ራሱ በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሳይወለድ አልቀረም። “እሱ ያውቃል” የሚለው ንግግር ግን ቆም ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። በውስጡ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው እምነት ነው፤ የሕፃኑ አያት በፈጣሪያቸው መታመናቸው እውነት ነው፣ ማንም ሊነካባቸው አይገባም። ሁለተኛው ውሳኔ ነው፤ መስኮቱ እንደተዘጋ እንዲቆይ ወስነዋል። እምነቱ ለውሳኔው ዋስ ሊሆነው ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያች ክፍል ይበልጣል፤ የሃይማኖት ሊቃውንትም ለዘመናት ተከራክረውበታል።

በመጀመሪያ ግን ፍሙ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ይታይ። አያትየዋ ጭስ እንደሚጎዳ ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ከሰሉን ውጭ ያያያዙት። ያልተነገራቸው ነገር ቢኖር ጭስ የሌለው ፍም ጭስ ካለው እንጨት የባሰ ሊገድል እንደሚችል ነው። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም፣ ፍሙ ደምቆ በቀላበት ሰዓትም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን አያስለቅስም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። እጣን ያወዳል፣ ቡና ይሸታል፤ እሱ ግን ምልክት አይሰጥም። ፈረንሳዊው የሰውነት ሥርዓት ተመራማሪ ክሎድ በርናር እ.ኤ.አ. በ1857 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዝና ለኦክስጅን ቦታ ይነሳዋል። አያያዙ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ደሙ እንደወትሮው ይዞራል፣ ልብም ይመታል፤ ለአንጎል የሚደርሰው ግን እያነሰ ይሄዳል።

ራስ ምታት ይጀምራል። ቀጥሎ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ የጉልበት መክዳት። ሰው ራሱን ሲያመው የሚያደርገው ጋደም ማለት ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ጋደም ያለ ሰው ደግሞ ተነስቶ በር የመክፈት አቅሙን እያጣ ይተኛል። ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር የወጣ ሰው እንኳ የጋዙ ግማሽ ከደሙ እስኪለቅ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ሆስፒታል ደርሶ ንጹሕ ኦክስጅን ከተሰጠው ይህ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ነገሩ ይከፋል፤ የፅንሱ ደም ጋዙን ከእናቲቱ ደም አብልጦ ያከማቻል፣ የሚለቀውም ዘግይቶ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ቤት አትተኙ እያለ በየጊዜው የሚያስጠነቅቀው በየዓመቱ አልነቃ ያሉ ቤተሰቦች ስለሚገኙ ነው።

እንዲህ ያለ ሞት በደረሰበት ቤት ድንኳን ሲጣል የሚባለው ይታወቃል። “ቀኗ ደርሶ ነው።” “የሰጠው እሱ፣ የወሰደውም እሱ።” በሙስሊሙ ቤት “የአላህ ቀደር ነው” ይባላል፤ ውሳኔው ነው ማለት ነው። ይህን ንግግር መናቅ ስህተት ነው። ልጇን ለቀበረች እናት ከዚህ የተሻለ ቃል አልተገኘም። “መስኮቱን ከፍተሽው ቢሆን ኖሮ” የሚል ጎረቤት ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ጨካኝ ነው። “ቀኑ ነው” ማለት የሐዘንተኛዋን እጅ ከራሷ አንገት ላይ የሚያላቅቅ ቃል ነው፤ ስንት ሰው በዚህ ቃል ተደግፎ ከሐዘኑ ተነስቷል።

ችግሩ ቃሉ ከድንኳኑ ወጥቶ ምድጃው ዘንድ ሲደርስ ነው። ከቀብር በኋላ ምሕረት የነበረው ንግግር ከቀብር በፊት ሲነገር ሰውን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል። ንግግሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዓቱ ነው። ሐዘንተኛ ወደ ኋላ እያየ የሚናገረውን፣ ባለቤት ወደ ፊት እያየ ሊናገረው አይችልም፤ ምክንያቱም ከፊቱ ያለው ሰው አሁንም ይተነፍሳል።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ላይ፣ ስለ ወፍ ጎጆ ከሚናገረው ሕግ ቀጥሎ፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ትእዛዝ አለ። የጥንቱ የእስራኤል ቤት ጣራው ጠፍጣፋ ነበር። ሰው ይጸልይበታል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይቀመጥበታል፤ የኢያሪኮዋ ረዓብ የእስራኤልን ሰላዮች የደበቀችው በጣራዋ ላይ ከተሰጣ የተልባ እግር ሥር ነው። ሕጉ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሳያበጅ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ የደሙ በደል በዚያ ቤት ላይ ይሆናል። ሰው ጣራ ላይ አይውጣ አላለም። መከታው የተሠራው ሰው ጣራው ላይ ደስ ብሎት እንዲቀመጥ ነው።

የአይሁድ መምህራን ይህን ሕግ ሲያነቡ አንድ ቃል አስቸገራቸው። የዕብራይስጡ ጽሑፍ ሰውየውን ገና ሳይወድቅ “ወዳቂ” ብሎ ይጠራዋል። ታዲያ መውደቁ አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ መከታው ለምን ይጠቅማል? በታልሙድ ውስጥ፣ ሻባት በሚባለው ክፍል፣ ከረቢ እስማኤል ትምህርት ቤት የመጣ መልስ ይገኛል። መልሱ ጥያቄውን አይሸሸውም። ይህ ሰው ከስድስቱ የፍጥረት ቀናት ጀምሮ ሊወድቅ የተወሰነለት ሊሆን ይችላል ይላል፤ ነገር ግን በጎ ነገር በበጎ ሰው እጅ፣ ክፉ ነገር ደግሞ በበደለኛ እጅ እንዲመጣ ተደርጓል። የወዳቂው ቀን የፈጣሪ ጉዳይ ነው። የባለቤቱ ጉዳይ ያ ውድቀት ከእርሱ ጣራ ላይ፣ በእርሱ ቸልተኝነት እንዳይሆን መጠበቅ ነው። ስለ ዕድልና ስለ ኃላፊነት ከተባሉት ሁሉ ይህን ያህል ቀጥተኛ የሆነ መልስ ብዙ የለም፤ ቀኑን ለእግዚአብሔር፣ መከታውን ለባለቤቱ ትቶ ሁለቱንም በየቦታቸው ያቆማቸዋል።

ነገሩ በጣራ አልቆመም። ረቢ ናታን የተባለው መምህር ክፉ ውሻ በቤቱ የሚያሳድግን፣ የሚወላገድ መሰላል ያቆመን ሰው በዚሁ ሕግ ሥር አስገባው። በ12ኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ በፉስጣጥ ይኖር የነበረው ሙሴ ማይሞኒደስ ደግሞ ሐኪምም የሕግ ሊቅም ነበር። የመከታውን ከፍታ 10 ጋት ብሎ ለክቶ አስቀምጧል፤ እስከ ወገብ ገደማ መሆኑ ነው። “ራሴን ለአደጋ ባጋልጥ ማንን ያገባዋል?” የሚል ሰው እንዲገረፍም ጽፏል። ግርፊያው ለዛሬ አንባቢ ይከብዳል። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ የሚፈጠር አደጋ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በእስልምና ውስጥም ጥያቄው ቀርቧል፤ የጠየቀውም ተራ ሰው አልነበረም። በ7ኛው መቶ ዘመን፣ በ630ዎቹ መጨረሻ፣ ኸሊፋው ዑመር ወደ ሶርያ ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን መንገድ ላይ ሰሙ። ከተማከሩ በኋላ ለመመለስ ወሰኑ። የጦሩ አዛዥ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ እስከ ዛሬ በየመስጊዱ ይነገራል፤ አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል ነው። ከዚያ ምሳሌ ጨመሩ፦ ግመሎችህን ይዘህ አንድ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ወገኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትደርስ፣ በለምለሙም ብታሰማራቸው በደረቁም ብታሰማራቸው ከቀደር አልወጣህም። ግመል ጠባቂ ሁሉ ወደየት እንደሚነዳ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

አቡ ዑበይዳ ግን ከሠራዊታቸው ጋር ቀርተው በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ፤ የሙስሊሙ ዓለም እስከ ዛሬ በክብር ያነሳቸዋል። የሚያስተምረው ይህ ነው። የዑመር ጥንቃቄ የእምነት ማነስ ተብሎ አልተቆጠረም፣ የአቡ ዑበይዳም መሞት እንደ ቅጣት አልታየም። እሳትን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ ወደ ቤት ይገባል። መዲና ውስጥ በአንድ ሌሊት ቤት በባለቤቶቹ ላይ እንደተቃጠለና ነቢዩ ሙሐመድም ስትተኙ እሳት አጥፉ ብለው እንዳዘዙ ቡኻሪ በሰበሰባቸው የሐዲስ ዘገባዎች ውስጥ ይገኛል። አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤት እንደምታቃጥልም ተነግሯል። ነቢይ ስለ አይጥና ስለ ኩራዝ ክር ሲናገር የሰማ ሰው፣ የከሰሉን ነገር ከሃይማኖት ውጭ ነው ሊል አይችልም።

በክርስትናው በኩል የመቅደሱ ጫፍ ታሪክ አለ። ፈታኙ ኢየሱስን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲለው ጥቅስ ጠቅሶ ነበር፤ የጠቀሰውም ጥቅስ ትክክለኛ ነው። እንቢ የተባለው ጥቅሱ ተሳስቶ ሳይሆን የሰው ልጅ ጌታውን እንዲህ እንዲፈታተን ስላልተፈቀደለት ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክም አደጋን የሚወድ በአደጋ እንደሚጠፋ ይናገራል፣ ሐኪምንም አክብር ይላል። እዚህ ላይ መቆም ይቻል ነበር፤ ሦስቱም ወገኖች መስኮቱን ክፈቱ ይላሉ።

አንድ የሚያስፈራ ነገር ግን ይከተላል። ጥንቃቄ የባለቤቱ ግዴታ ከሆነ፣ ጉዳት ሲደርስ ባለቤቱ በደለኛ ነው ማለት ነው? ያቺ አራስ ብትሞት አያትየዋ ገዳይ ሊባሉ ነው? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች መግደሉ ይነሳል። ሰዎቹ ከሌሎቹ የከፉ ኃጢአተኞች ነበሩ ብላችሁ ታስባላችሁ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አይደለም የሚል ነው። ግንቡን ማን ሠራው፣ ለምን ወደቀ፣ ድንጋዩ ሰንጥቆ የነበረ እንደሆነ ማን አይቶት ነበር የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የሚቀርበውም ለሠሪው ነው። የሞቱት ላይ ጣት መቀሰር ግን ተከልክሏል።

የኦሪቱን ሕግ በዚህ ዓይን መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። ትእዛዙ የተሰጠው ለማን ነው? ለወዳቂው አይደለም። ጣራ ላይ ስትወጣ ተጠንቀቅ ቢል ሕጉ ቀላል ይሆን ነበር። ለእንግዳውም፣ ለልጁም፣ ምግብ ለምታበስለውም አይደለም። ቤቱን ለሠራው ሰው ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ አራሷ የተኛችበትን ክፍል የሠራው ባለቤት ሰባት ክፍል በአንድ መስመር ደርድሮ ለማዕድ ቤት የሚሆን ቦታ አልተወም፤ መስኮቱን ሲያወጣ የአንድ ክንድ ስፋት እንኳ አልሰጠውም። ጥላ ያለው ማብሰያ በረንዳ ቢኖር አያትየዋ በሐምሌ ዝናብ ፍሙን ይዘው ወደ ውስጥ የሚገቡበት ምክንያት ባልኖረ። ኪራይ ሲከፈል እጁን የሚዘረጋ ሰው ስለ ጭስ ማውጫው ሲጠየቅ “ዕድል ነው” ሊል አይገባም። ሌላ ማንም ከዚህ ኃላፊነት ነጻ ነው ማለት ሳይሆን፣ የበለጠ የሚችል የበለጠ ይጠየቃል ማለት ነው።

በቤት ውስጥ ዕድል የሚባለው ነገር የሚወድቀው ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰው ላይ መሆኑም ያሳዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰዎች አሁንም የሚያበስሉት በእንጨት፣ በኩበት፣ በከሰል ወይም በላምባ ነው። ከዚህ የሚወጣው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆነ ድርጅቱ ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ጓዳ ውስጥ ዓይኗን እየጠረገች እንጀራ የምትጋግረው ሴት ናት፤ ጀርባዋ ላይ የታዘለው ሕፃን የሚተነፍሰው እሷ የምትተነፍሰውን ነው። ሳሎን የተቀመጠው አባወራ ጭሱን የሚያውቀው በጠረኑ ነው። የቤቱን ገንዘብ ለቴሌቪዥን ወይስ ለምድጃ እናውል ብሎ የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አደጋውን የሚቀበል ሌላ፣ የሚወስን ሌላ በሆነበት ቤት “እሱ ያውቃል” የሚለው ንግግር ከማን አፍ እንደወጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አማርኛ ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይላል። ለወጡ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሳንባው ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አገር ውስጥ የተሠራው “ምርጥ ምድጃ” ከሲሚንቶ የሚቀረጽ ሆኖ በምጣዱ ሥር እሳቱን ዙሪያውን ይዘጋዋል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። እሳቱ ስለተከለለ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ተንገዳግዶ ፍሙ ውስጥ አይገባም። መከታ ማለት ይኸው ነው፤ ኦሪት በጣራ ላይ ያዘዘው በምድጃ ዙሪያ ሲቆም።

እሳትና ዕድል ከሁሉ በከፋ ሁኔታ የሚገናኙት የሚጥል በሽታ ባለበት ቤት ነው። ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ከ1,000 ሰዎች 5.2ቱ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አግኝተዋል። በሽታው እንደ ርኩስ መንፈስ ሥራ ስለሚታይና በትንፋሽ ወይም በለሃጭ ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራ፣ እሳት ላይ የወደቀውን ሰው ለማንሳት እጁን የሚዘረጋ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። የሚጥል በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የተቃጠለው ፊትና የተቆራመደው እጅ የበሽታው ሥራ አይደለም፤ ማንም እጁን ሳይዘረጋ ያለፈው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ደጉ ሳምራዊን በየዓመቱ የሚሰብክ አገር ይህን ደቂቃ ሊመረምረው ይገባል። ለተቃጠለ ሰው የሚደረገውም የታወቀ ነው፤ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ሳይሆን የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ማቆየት ነው።

አንድ መደርደሪያ ቀረብ ተብሎ ቢታይ ሐሳቡ ይበልጥ ይገባል። በብዙ የኦርቶዶክስ ቤት ከመኝታ ቦታ ያልራቀ አንድ ከፍ ያለ ስፍራ አለ፤ ሥዕለ ማርያም አጠገብ፣ ንጹሕ ጨርቅ በተነጠፈበት፣ ጠበል የተቀዳበት የፕላስቲክ ሃይላንድ ይቀመጣል። ልጆች አይነኩትም። የሚጠጣውም አማትቦ፣ በባዶ ሆድ፣ ከአዋቂ እጅ ተቀብሎ ነው። በዚያው ቤት፣ መታጠቢያው ሥር፣ ወለል ላይ፣ ሌላ ሃይላንድ አለ። ከሱቅ ተቀንሶ የተገዛ በረኪና ነው። ምንም አልተጻፈበትም፣ ክዳኑም ላልቷል። ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ሲያጎነብስ ከዓይኑ ጋር እኩል ነው። አንዳንዱ ቤት ላምባም፣ የአይጥ መርዝም፣ ለእህል ነቀዝ የሚሆነው ክኒንም በዚሁ ጥግ ይገኛሉ። ያ ክኒን እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ ሊፈጅ ይችላል፤ በመኝታ ክፍል ያለ ጎተራ ውስጥ ሊጨመር የማይገባው ለዚህ ነው።

የተቀደሰው ነገር የሚፈራ በመሆኑ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የሚገድለው ነገር ስላልተፈራ ዝቅ ብሎ ተጥሏል። ቤቱ ፍርሃትን የማያውቅ አይደለም፤ ለጠበሉ የሰጠው ጥንቃቄ ሙሉ ነው። ያንኑ ልማድ ለበረኪናው ቢያውለው፣ ከፍ አድርጎ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ከመጠጥ ዕቃ ለይቶ ቢያስቀምጠው የሚያወጣው ገንዘብ የለም። ልጁ ጠጥቶ ከተገኘ ደግሞ ጣት ከቶ ማስመለስ ክልክል ነው። በረኪናው ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል፣ ላምባ ከሆነም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዞ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ድህነት ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው እንዳይባል፣ ባሕር ተሻግሮም ያው ነገር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ያልተለመደ በረዶ ወርዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ተቋረጠባቸው። ብርድ የጠናባቸው ሰዎች ከሰል ወደ ቤት አስገቡ፣ ጄኔሬተር በር ሥር አስነሱ፣ መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነስተው ተቀመጡ። በካርቦን ሞኖክሳይድ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። በዚያ አገር ጋዙን የሚያሳውቅ ማንቂያ መሣሪያ በየሱቁ ይሸጣል፤ በየቤቱ እንዲኖር የሚያስገድድ ሕግ ግን በመላው ግዛት አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት የዘጋው እጅና በቴክሳሷ ሂዩስተን ውስጥ ጋራዥ የዘጋው እጅ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጆቻቸው እንዳይበርዳቸው።

ለዚህ ነው ነገሩ ለየቤቱ ብቻ የማይተወው። በየሰፈሩ እድር አለ። በእድሩ ዕቃ ቤት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ የታሸገ ሳህን ተደርድሯል፤ በየወሩ የሚዋጣው ገንዘብ ሰው ሲሞት ይወጣል። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን አንዳንድ እድሮች መቅበር ሰልችቷቸው የታመሙትን መጠየቅና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን መደገፍ ጀምረው ነበር። ያኔ የተቻለ ነገር ዛሬም ይቻላል። ከወር መዋጮው ጥቂት ተቀንሶ ወላድ ላለችበት ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ማዋስ፣ ለግቢው አንድ የጋራ ማብሰያ ጥላ ማቆም ከድንኳን ዋጋ አይበልጥም።

ካህንም አለ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ በቤት ግድግዳ አረንጓዴና ቀይ ምልክት ሲታይ ባለቤቱ ካህን ይጠራል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ ያዛል፤ ገብቶ ያያል፤ ቤቱን ለ7 ቀን ይዘጋዋል፤ ተመልሶ ይመረምራል፤ ምልክቱ ከሰፋ ድንጋዮቹ ይነቀላሉ፣ ልስኑ ይፋቃል። በዚያ ዘመን ቤትን የሚመረምረው ባለሙያ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነበር፤ ምርመራውም ከአገልግሎቱ አንዱ ነበር እንጂ ትርፍ ሥራ አልነበረም።

አራሷ በተኛችባት በዚያች ክፍል ውስጥም የንስሐ አባት ጠበል ሊረጩ መምጣታቸው አይቀርም። ሐኪም ቢናገር “የዛሬ ልጆች” የሚባልበት ቤት ነው፤ ጎረቤቲቱም ተናግራ የሰማት የለም። አባ ግን ገና ደፉን ሲያልፉ ቤቱ ይነሣላቸዋል። መስቀላቸውን አሳልመው፣ ዙሪያውን እየረጩ ምድጃው ዘንድ ሲደርሱ ቆም ይላሉ።

“እማማ፣ ይህን ፍም እስቲ ወደ በረንዳ እናውጣው።”

“አባ፣ ዝናብ ነው፤ አራሷም ይበርዳታል።”

“ጋቢ ደርቡላት። ሕፃኑንም ደረቷ ላይ አድርጉት፣ ገላዋ ያሞቀዋል። መስኮቱንም ይህችን ታህል።” እጃቸውን ዘርግተው የአንድ መዳፍ ስፋት ያሳያሉ።

አያትየዋ ትንሽ ያመነታሉ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ምድጃውን ያነሳሉ። በረንዳው ጫፍ ላይ ሲያስቀምጡት ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ ፍሙ ላይ እየወረደ ጭስ ጭስ ይላል። ጎረቤቲቱ ከመስኮቱ ስንጥቅ ጨርቁን እየነቀለች ትስባለች፤ ከውስጥ የሕፃኑ ልቅሶ ይሰማል።